ከ112 ዓመት በኋላ የደረሰ መርዶ

በ2021 የሙቀት ወራት አንዲት የምርምር ጀልባ በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ስትመላለስ ከረመች። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ጫፍ ስትደርስ ትዞራለች፤ ከሄደችበት መስመር ፈቀቅ ብላ ትመለሳለች። ከአየር ላይ ለሚያያት በሬ ጠምዶ ትልም በትልም የሚያርስ ገበሬ ትመስላለች። ዓሣ ለማጥመድ የወጣች ግን አልነበረችም። ከኋላዋ በረጅም ገመድ የምትጎትተው መሣሪያ የሐይቁን ወለል የሚያዳምጥ ነበር።

ጀልባዋ ዴቪድ ቦይድ ትባላለች። ባለቤቷ የታላላቅ ሐይቆች የመርከብ አደጋ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ኋይትፊሽ ፖይንት በተባለ ገለልተኛ የሐይቅ ዳርቻ ቤተ መዘክር አለው። በጀልባዋ ላይ የማኅበሩ የባሕር ሥራ ኃላፊ ዳሪል ኤርቴልና ወንድሙ ዳን ነበሩ። (የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።)

የሚጎትቱት መሣሪያ የጎን ሶናር ነው። ሾጠጥ ያለ፣ ዓሣ የሚመስል ነገር ነው። ውሃ ውስጥ እየሄደ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ድምፅ ይለቃል፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ሲመለስ ይቀበላል። ለስላሳ ጭቃ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል፤ እንጨት፣ ብረት፣ ድንጋይ መልሰው ይወረውሩታል። ጀልባዋ ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ጭቃው አንድ ዓይነት ሆኖ ይፈሳል፤ ከወለሉ ከፍ ያለ ነገር ሲገኝ ደግሞ ደምቆ ይታይና ከጀርባው ጥላ ይጥላል። ጥላው ድምፅ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለብዙ ቀናት፣ ከጭቃ በቀር ምንም አይታይም። በዚያ ዓመት ማኅበሩ በሐይቁ ላይ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መስመር በሶናር አዳርሷል።

ከኋይትፊሽ ፖይንት ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ64 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ፣ ወደ 200 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ደምቆ ታየ። ጥላ አለው። ሰው የሠራው ነገር መሆኑ ያስታውቃል፤ የመርከብ ቅርጽ ነው።

ዳሪል ኤርቴል ርዝመቱን ለካ፤ 59 ሜትር ያህል ነው። ለሌላ ሰው ይህ ቁጥር ምንም አይነግረውም። እሱ ግን በዚያ የሐይቁ ክፍል ጠፍተው የቀሩትን መርከቦች ከነመጠናቸው ያውቃቸዋል፤ በዚያ ርዝመት የጠፋች ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች። ኋላ ሲናገር ልክ እንደለካት ማን እንደሆነች አውቆ እንደነበር ገልጿል። ስሟ አዴላ ሾርስ ነው። የመጨረሻ ጊዜ ከታየች 112 ዓመት ሆኗት ነበር።

አዴላ ሾርስ በ1894 በሚሺጋን ግዛት ጂብራልተር በምትባል ከተማ ተሠራች። የእንጨት መርከብ ናት፤ በእንፋሎት ሞተር ትሄዳለች፤ 735 ቶን ተመዝግባለች። ያሠራት ሾርስ የተባለው የጣውላ ኩባንያ ነበር፤ ስሟንም ያገኘችው ከባለቤቱ ልጅ ከአዴላ ነው። መርከብ መጀመሪያ ውሃ ስትነካ የወይን ጠርሙስ ግንባሯ ላይ ሰብሮ መመረቅ የቆየ ወግ ነው። ለዚህ ሥራ የተመረጠችው የአዴላ እኅት ቤሲ ነበረች። ቤተሰቡ ግን አልኮል የሚባል ነገር ከቤቱ የማያስገባ ነበርና ቤሲ የሰበረችው የውሃ ጠርሙስ ነው። ባሕረኞች ይህን ሰሙ፤ መርከቧ ገደ ቢስ ናት ተባለ።

ነገሩ እንዳይረሳ የሚያደርጉ አጋጣሚዎችም መጡ። በ15 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰጠመች። ሁለቱም ጊዜ የሰጠመችው ጥልቀት በሌለው ውሃ ስለነበር ተነሥታ፣ ተጠግና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለ አዴላ ሾርስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ የውሃ ጠርሙስ ይጀምራል። እኔ ግን ነገሩ ቅር ይለኛል። የቤተሰቧን ወግ የጠበቀች አንዲት ልጅ ያደረገችውን ከመርከቧ ጋር ለጠፉት 14 ሰዎች ማስታወሻ ማድረግ አግባብ አይመስለኝም። የዚያ ዘመን የእንጨት መርከብ ማለት ጎን ለጎን የተደረደረ ሳንቃ ነው፤ በሳንቆቹ መካከል ቃጫ ይጠቀጠቅና በቅጥራን ይለሰናል። ሞገድ ላይ ስትወጣና ስትወርድ አካሏ ይላወሳል፤ ሲላወስ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ውሃ ይገባል፤ ፓምፕ ያወጣዋል። በየዓመቱ መለሰን፣ መጠገን ያስፈልጋታል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ያለ ኑሮ ለኖረች መርከብ ሁለት ጊዜ ዳር ላይ መስጠም እርግማን አያስፈልገውም።

ወደ 1909 እንሂድ። ኤፕሪል 29 ቀን አዴላ ሾርስ በሚሺጋን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካለችው ከሉዲንግተን ወደብ ተነሣች። ጭነቷ ጨው ነው። ለጣውላ የተሠራች መርከብ ጨው መጫኗ የዚያን አካባቢ ታሪክ ይናገራል፤ በዚያ ዳርቻ የነበሩ እንጨት መሰንጠቂያዎች ከከርሰ ምድር ጨዋማ ውሃ እየሳቡ፣ ሰጋቱራውንና ቁርጥራጩን እያነደዱ ያፈሉት ነበር። ውሃው ተንኖ ጨው ይቀራል። ከጣውላው ሥራ የተረፈው ፍርፋሪ ሌላ ንግድ ወለደ ማለት ነው።

መድረሻዋ በሱፒሪየር ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ ያለችው ዱሉት ናት። መንገዱ ከሚሺጋን ሐይቅ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ በጠባብ መተላለፊያ አልፎ፣ በሴንት ሜሪስ ወንዝ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ መርከቦችን ውሃ እየሞላ ስድስት ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ ቦይ አለ። ከቦዩ ቀጥሎ ኋይትፊሽ የተባለው ወሽመጥ ነው። ወሽመጡን አልፎ የኋይትፊሽ ፖይንትን የመብራት ማማ ሲዞሩት ሱፒሪየር ተዘርግቶ ይጠብቃል።

ሱፒሪየርን ሐይቅ ብሎ መጥራት ለእኛ ጆሮ ያሳንሰዋል። ስፋቱ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣናን 27 ጊዜ ያህል ያስከነዳል። ጥልቅ ቦታው 406 ሜትር ይደርሳል። ወጀብ ሲነሣ ሞገዱ ከስድስት ሜትር ይበልጣል፤ መሀሉ ላይ ያለ መርከብም ወደየትም ቢመለከት ዳር አይታየውም።

የኤፕሪል መጨረሻ በዚያ ዘመን የጉዞ መክፈቻ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በረዶ አሥሯቸው የቆዩ መርከቦች የመጀመሪያውን ጭነት ለማድረስ ይጣደፋሉ። በረዶው ግን ገና አልቀለጠም፤ ነፋስ እየገፋ ወሽመጡ ውስጥ ይከምረዋል። በዚያው ሳምንት ኦራኒያ የተባለች ትልቅ የብረት መርከብ እዚያው ወሽመጥ ውስጥ በረዶ ቀዷት ሰጥማለች፤ ሰዎቿ ተርፈዋል። ብረቱን የቀደደ በረዶ እንጨቱን ምን እንደሚያደርገው ማሰብ ነው።

የአዴላ ሾርስ ካፒቴን ያደረገው ብልህነት ነበር። ከፊቱ ዳንኤል ጄ. ሞሬል የምትባል የብረት መርከብ ነበረች። 184 ሜትር ትረዝማለች፤ የአዴላ ሾርስን ሦስት እጥፍ ማለት ነው፤ ከተሠራች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ሞሬል በረዶውን እየሰበረች ስትሄድ ከኋላዋ ጥቁር የውሃ መንገድ ይከፈታል። ትንሿ በዚያ መንገድ ተከተለች። ትልቅ ከብት የረገጠውን ዱካ ይዞ እንደሚሻገር ጥጃ ወሽመጡን አልፋ ወጣች።

ኋይትፊሽ ፖይንትን ሲዞሩ በመካከላቸው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነበር። እዚያ ላይ ከሰሜን ብርቱ ወጀብ ጠበቃቸው። ሞሬል ወደፊት ቀጠለች። ከኋላዋ የምትመጣው ትንሽ መርከብ ከዓይን ተሰወረች።

ቀኑ ሜይ 1 ነው። በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1901፣ የጊዮርጊስ ዕለት።

በዚያ ዘመን በእነዚህ ሐይቆች የሚሠሩ አብዛኞቹ የጭነት መርከቦች ራዲዮ አልነበራቸውም። አንድ መርከብ ከዓይን ከራቀ በኋላ ሕይወቱ የሚታወቀው ወደብ ሲደርስ ብቻ ነው። በዱሉት ጠበቁ። በዚያው የወጀብ ሰሞን፣ ኤፕሪል 30 ቀን፣ ጆርጅ ኔስተር የምትባል ተጎታች መርከብ በዚያው ሐይቅ ባሉት ሂዩሮን ደሴቶች ላይ ተሰባብራ በላይዋ የነበሩት ሁሉ አልቀዋል፤ የእሷ መጨረሻ ግን ታወቀ። ስለ አዴላ ሾርስ ምንም አልመጣም። ከ14ቱ ባሕረኞች አንድም አልተመለሰም። ጊዜው ሲረዝም መዝገብ ያዦች ለእንዲህ ያሉ መርከቦች የሚጽፉትን ጻፉ፦ ጠፍታለች።

እኛ ዘንድ “ሞተ” እና “ጠፋ” እኩል አይደሉም። የሞተ ሰው መርዶው ይነገራል፤ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይገባል፤ ይለቀሳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አርባው ይወጣል። የጠፋ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። እናቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሣለች። ልጆቻቸው በቀይ ባሕር ወይም በሜዲትራኒያን አድርገው ወጥተው ወሬያቸው የተቋረጠባቸው ቤተሰቦች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የአዴላ ሾርስ ሰዎች ሚስቶችና እናቶች እንዴት እንደኖሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ በእጄ የለም፤ ነገር ግን ቦታው ያልታወቀ ሞት የትም አገር ቢሆን እንቅልፍ እንደማይሰጥ አልጠራጠርም።

እውነቱን የሚናገር ሰው ባይኖርም ግምት አልጠፋም። ብዙዎች የተቀበሉት ተንሳፋፊ በረዶ ገጭቷት ወዲያው ሰጥማለች የሚለውን ነው። ነገሩ አሳማኝ ነበር፤ ወሽመጡ በበረዶ ተሞልቷል፣ መርከቧ የእንጨት ናት፣ የመጨረሻ የታየችውም ከበረዶው እንደወጣች ነው። አስከሬን ተንሳፎ አለመገኘቱም አያስገርምም። የሱፒሪየር ጥልቅ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም። በሞቀ ውሃ የሰጠመ ሰው አካሉ ሲበሰብስ ጋዝ ይፈጥርና ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚህ ግን ቅዝቃዜው መበስበሱን ስለሚያዘገየው ሐይቁ የወሰደውን አይመልስም።

ያው ቅዝቃዜ መርከቦችንም ጠብቋል። በባሕር ውስጥ እንጨት ሰርስሮ የሚጨርሰው የመርከብ ትል ጨው በሌለው ውሃ አይኖርም። ስለዚህ በውቅያኖስ ወለል ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ጥቂት ብረት ብቻ የሚቀራት የእንጨት መርከብ፣ በሱፒሪየር ወለል ከመቶ ዓመት በኋላም ቅርጿን ይዛ ልትገኝ ትችላለች። ሳንቃው ይቆያል። ጨው ግን ያው ጨው ነው፤ በውሃ ይሟሟል።

የኤርቴል ወንድማማቾች ያዩትን ምልክት ርዝመት ብቻ አይተው አላወጁም። ሶናር ጥላ ነው የሚያሳየው፤ ማንነትን ለማረጋገጥ ዓይን ያስፈልጋል። በ200 ሜትር ጥልቀት ተራ ጠላቂ አይደርስም፤ የፀሐይ ብርሃንም የለም። የላኩት በገመድ የሚመራ ትንሽ ሮቦት ነው፤ መብራትና ካሜራ አለው፤ ላይ ያለው ሰው በእጁ እየመራ የሚያየውን ያያል። ሮቦቱ ወርዶ መብራቱ መርከቧ ላይ ሲያርፍ ዳሪል አሠራሯን ከአዴላ ሾርስ ጋር አስተያየው። ገጠመ። መርዶው ተረጋገጠ።

ያ ዓመት ለማኅበሩ ልዩ ነበር። በአንድ የሥራ ወቅት ዘጠኝ የሰጠሙ መርከቦችን አግኝተዋል፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል አግኝተው አያውቁም። የአንዳንዶቹን ወሬ በወራት ውስጥ አሰሙ። የአዴላ ሾርስን ግን ያዙት። ለሕዝብ የተነገረው ሜይ 1 ቀን 2024፣ ከጠፋች ልክ 115 ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። ይህን አደርጋለሁ ብሎ ያሰበ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ልቡ ደግ ነው። መርዶ ቀኑ ተመርጦ ሲነገር ከዜናነት ያልፋል።

ከእነዚያ ሦስት ኪሎ ሜትሮች ወዲያ የነበረችው ሞሬል ከወጀቡ ወጥታ 57 ዓመት ሠራች። ከዚያ በኖቬምበር 29 ቀን 1966 ሌሊት፣ በሂዩሮን ሐይቅ ላይ፣ በከባድ ወጀብ መሀል ለሁለት ተሰበረች። በዚያ ሌሊት ኤድዋርድ ዋይ. ታውንሴንድ የተባለች እኅት መርከቧ በዚያው መንገድ ከኋላዋ እየመጣች ነበር፤ የሆነውን አላወቀችም። የሞሬል መጥፋት የታወቀው በማግሥቱ ነው። ከ29 ሰዎች 28ቱ ሞቱ። የተረፈው ዴኒስ ሄል የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ነው፤ ከውስጥ ሱሪ፣ ከአንድ ካፖርትና ከመንሳፈፊያ በቀር ምንም ሳይለብስ፣ ሦስት ጓደኞቹ አጠገቡ ሞተው፣ 38 ሰዓት በነፍስ አድን ታንኳ ላይ ቆይቶ ተገኘ። የአዴላ ሾርስ የመጨረሻ ምስክር የነበረችው መርከብ እሷም ከኋላዋ ያለ መርከብ ሳያያት ጠፋች። ልዩነቱ፣ ሞሬል መርዶዋን የሚናገር አንድ ሰው ነበራት።

ስለ አዴላ ሾርስ የሚናገር ሰው አልተረፈም። እኔ ግን መርከቧ ያረፈችበት ቦታ ራሱ የሚናገር ይመስለኛል። ይህ የማኅበሩ ቃል ሳይሆን የእኔ ስሌት ነው። ለመቶ ዓመት ሲነገር የቆየው ከበረዶው እንደወጣች ወዲያው ሰጠመች የሚል ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ መገኘት የነበረባት ኋይትፊሽ ፖይንት አጠገብ ነው። የተገኘችው ግን ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር አልፋ ነው። ተጎድታ ስትንሳፈፍ ነፋስ ወስዷት ነው እንዳይባል፣ ወጀቡ የመጣው ከሰሜን ነው፤ ሞተሯ የቆመ መርከብን ወደ ደቡብ ይገፋል እንጂ ወደ ሰሜን ምዕራብ አይወስድም። እዚያ ድረስ ያደረሳት የራሷ ሞተር ነው። እሷን መሰል የእንጨት መርከብ በሰላም ቀን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ በዚያ ፍጥነት እንኳ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። በፊት ለፊት ነፋስ፣ በዚያ ሞገድ፣ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ለእነዚያ ሰዓታት እሳት ያነደደ ሰው ነበር፤ ፓምፕ ያንቀሳቀሰ፣ መሪ የጨበጠ ሰው ነበር። ያች የሚነገርላት ጠርሙስ ሳትሆን እነሱ ናቸው ሊታወሱ የሚገባቸው። ዳንኤል ጄ. ሞሬል ላይ የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ ተመልክተው ባጧት ጊዜ፣ በእኔ ፍርድ፣ አዴላ ሾርስ ገና አልሰጠመችም። ከኋላቸው እየመጣች ነበር።